ራሰ በራዋ ፕላኔት

ይዲድያ ዲላ ከገባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጌዴኦኛ የለቀማቸው ቃላት ሁለት ናቸው። አንደኛው ሰላምታ ነው። ሁለተኛውን በተናገረ ቁጥር ባጃጅ ነጂዎች በሳቅ ስለሚንፈራፈሩ ትርጉሙን ለማጣራት አልደፈረም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያስተምረው ፊዚክስ ነው፤ የሚኖረው መምህራን መኖሪያ ነው፤ የሚበላው መምህራን ክበብ ነው፤ ጓደኞቹም እንደሱ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ከግቢው አጥር ውጭ ያለውን ጌዴኦ የሚያውቀው በሚኒባስ መስኮት በኩል ነው።

ይሁንና በዓለም ላይ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁትን አንድ ቋንቋ በቃሉ ይወጣዋል። ቬጎርኛ ይባላል። ቬጎር የምትባል አገር የለችም፤ ፕላኔት ናት፤ ፕላኔቷም የለችም። ያለችው የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ ፈረንጆች በሠሩት «የመጨረሻዋ ቬጎር» በሚባል የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ውስጥ ነው። አንድ ካፒቴን ከምድር ተነሥቶ ሣር እንኳ በማይበቅልባት ራሰ በራ ፕላኔት ላይ ያርፋል። የቬጎር ሽማግሌዎች ጉባኤ ፊት ይቀርባል። ሽማግሌዎቹ በቋንቋቸው ረጅም ንግግር ያደርጉለታል፤ ንግግሩ ሳያልቅ መንኮራኩሩ ይፈነዳል፤ ፊልሙም ያልቃል። በቃ ይኸው ነው። ይዲድያ በልጅነቱ አጎቱ ቤት በተገኘ አሮጌ ካሴት አይቶት ሕይወቱ ተለወጠ፤ ወደ ምን እንደተለወጠ ግን እናቱ እስካሁን አልገባቸውም።

ፊልሙ ሲወጣ የተመለከተው ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን በየአገሩ ሥራና ትዳር ያላቸው ጎልማሶች ኢንተርኔት ላይ ተሰባስበው በሱ ይጣላሉ። ትልቁ ጥል «የት ተቀረጸ?» የሚለው ነው። ኩባንያው ከስሯል፤ ዳይሬክተሩ ሞቷል። በሕይወት ሳለ ስለ ቦታው የተናገረው «አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ዝናብ ይበዛል፤ ሽማግሌዎቹም ወደ አፋቸው የመጣላቸውን ነው የተናገሩት» የሚለውን ብቻ ነበር። ሌላው የሚያጣላው ነገር የሽማግሌዎቹ ዓይን ነው። ካፒቴኑ አጠገባቸው ቆሞ ሳለ እሱን ትተው ቀጥ ብለው ካሜራውን ያያሉ። ስለ አተያያቸው ያልተባለ የለም። «የሰውን ልጅ በሙሉ እየተመለከቱ ነው» ያሉ ምሁራን አሉ። ይዲድያ ራሱ በጉዳዩ ላይ የጻፈው ቢጠረዝ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ አንባቢዎቹ ግን አንድ ሚኒባስ አይሞሉም።

ግኝቱ የመጣው ከዲላ ወደ ወናጎ በሚኒባስ ሲሄድ ነው። ከፊቱ የተቀመጠች ሴት ስልኳ ጠራ፤ አነሣችው፤ በቬጎርኛ መለሰች። ይዲድያ ጆሮውን አላመነም። ሴትዮዋ ግን የሽማግሌዎቹ አለቃ በታላቅ ግርማ የሚናገራትን ቃል ሦስት አራቴ ደጋገመቻት፤ ከድምጿና በመሐል ከገባችው «ዘይት» እንደሚገመተው አንድ የሚያናድድ ልጅ ዘይት ሳይገዛ ቀርቶ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ዘጠኝ ዓመት የኖረበትን አገር ቋንቋ ሳያውቅ መኖሩን አስቦ ያፍር ነበር። ይዲድያ ደስታ እንጂ እፍረት ወደ ልቡ አልመጣም። ቬጎርኛ ማለት ጌዴኦኛ ነው፤ ፊልሙ የተቀረጸውም እሱ በየቀኑ እያዛጋ በሚያልፍበት አገር ነው።

ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚሉ ግን ማንንም አልጠየቀም። ለምን ይጠይቃል? ትርጉሙ ከምስሉ ሥር በእንግሊዝኛ ተጽፏል። «እንኳን መጣህ፣ የብርሃን ልጅ፤ በምድራችን ላይ እግርህ የተባረከ ይሁን» ነው የሚለው። ይዲድያ ደግሞ የተማረ ሰው ነው፤ የተጻፈ ነገር ያከብራል።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከሱፍያን ጋር ኮረብታ ፍለጋ ሆነ። ሱፍያን ዲላ ተወልዶ ያደገ የስልጤ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ወንድሞቹ ሱቁን ሲይዙ እሱ ሚኒባሱን ያዘ። ጌዴኦኛ ከማንም እኩል ይናገራል፤ ኦሮምኛና ሲዳምኛም አይቸግረውም፤ በአማርኛ ደግሞ ይቀልዳል።

«ይዲ፣ የምትፈልገው ዛፍ የሌለበት ኮረብታ ነው አይደል?» አለው አንድ ቀን መሪውን እየጠመዘዘ።

«አዎ። ሣርም የለበትም።»

«ታዲያ ወደ ቦረና እንውረድ እንጂ ጌዴኦ ምን ያንከራትተናል? እዚህ አገር እኮ አጥርህን ብትረሳው ያቆጠቁጣል።»

እውነቱን ነበር። ይዲድያ ከፊልሙ ያወጣው ሥዕል በእጁ ነው፤ በሥዕሉ ላይ ከመንኮራኩሩ ኋላ ሁለት ጉብታ ያለው ተራራ ይታያል። ጉብታዎቹን ለማየት ግን አንድ እርምጃ የሚሆን ገላጣ ቦታ ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ የለም። ሬኮ ሄደው ጭጋግ አዩ። ወናጎ ዙሪያ እንሰት አዩ። በየሄዱበት ቡናው በዋንዛ ሥር፣ እንሰቱ ከቡናው ጎን፣ ቦዬ የሚሉት ሥራ ሥር ደግሞ በተረፈችው ቦታ ተተክሎ፣ ቬጎር የምትበቅልበት ክፍተት አልተገኘም። በመጨረሻ ዱመርሶ ላይ ይዲድያ ትዕግሥቱ አልቆ ዛፍ ላይ ለመውጣት ወሰነ። የመረጠው ከኮረብታው አናት ላይ ያለውን ትልቅ ዋንዛ ነው። ጫማውን አውልቆ ግንዱን ሲያቅፍ የዋንዛው ባለቤት ወይዘሮ መሰለች ከቡናው መሐል ብቅ አሉ።

«ቀፎህ የት አለ?» አሉት።

«ቀፎ ልሰቅል አይደለም እማማ። ፕላኔት እየፈለግሁ ነው።»

ወይዘሮ መሰለች ወደ ላይ አዩ፤ ከዚያ እሱን አዩት። «እሱ ሰማይ ነው ያለው። እኔ ጓሮ ምን ይሰራል?» አሉ። ቢሆንም ውጣ አሉት፤ ያበደ ሰውን መከልከል ደግ አይደለም።

ከላይ ሆኖ ሁለቱን ጉብታዎች አያቸው። ሥዕሉን አነሣ፤ ገጠመ። ጉብታ ለጉብታ፣ ሸለቆ ለሸለቆ ገጠመ። ይዲድያ ከደስታ የተነሣ ቅርንጫፉን ለቆ ሊወርድ ምንም አልቀረውም ነበር። በፈረንጅ አገር ያሉ አዋቂዎች ሁሉ ያጡትን ቦታ እሱ በባዶ እግሩ ዛፍ ላይ ሆኖ አገኘው።

ወይዘሮ መሰለች ቆጮ በጎመን አቀረቡላቸውና ስለ ኮረብታው አወሩ። የመጡት በሙሽርነት ነው። ያን ጊዜ ኮረብታው ላይ የቆመ ነገር አልነበረም፤ ማንም ስላልፈለገው ለሙሽሮቹ ተሰጠ። ባልየው ከታች አፈር በቅርጫት እየተሸከመ፣ እሳቸው ውሃ እያመላለሱ፣ መጀመሪያ ዋንዛውንና ብርብራውን ተከሉ፤ ጥላው ሲመጣ እንሰቱን፣ እንሰቱ ሲጠና ቡናውን። ልጆቹ ያደጉት በዚያ ነው። ባልየውም ብርብራው ሥር ተቀብሯል።

«ድሮ ጫካ ነበር አሉ፤ ፈረንጅ ነው ያስቆረጠው» አሉ ወይዘሮ መሰለች። «ሶንጎ ተቀምጦ ፈርዶበታል። ከእንግዲህ ምሳር አይነካውም ተብሏል።»

ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ሸንጎ ነው፤ ሲጣሉ የሚያስታርቅ፣ ሲበዳደሉ የሚፈርድ። ይዲድያ «እሺ፣ እሺ» አለ፤ የሰማው ግን የለም። ዓይኑ የማድ ቤቱ ጣራ ላይ ተተክሎ ነበር። ከዛጉት ቆርቆሮዎች በአንደኛው ላይ የካፒቴኑ መንኮራኩር ቁጥር ገና አልጠፋም።

ግኝቱን ይፋ ያደረገ ዕለት ስልኩ ሲንጫጫ አደረ። ሲሰድቡት የኖሩ ሰዎች ሳይቀሩ አመሰገኑት። ሁለት ፈረንጆች ካልመጣን አሉ። ውጭ አገር በሚደረገው የአፍቃሪዎቹ ጉባኤ ላይ የክብር እንግዳ እንዲሆን ተጋበዘ፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ ካሜራው በቆመበት ቦታ ቆሞ ያንኑ ሥዕል ደግሞ እንዲያነሣ። ይህ የይዲድያ የዘመናት ሕልም ነበር። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ ግን ወሬውን አቶ አምሃ ሰሙ።

አቶ አምሃ ጡረታ የወጡ፣ ጡረታቸውን ግን ያልተቀበሉ ሰው ናቸው። ኮሚቴ ማቋቋም ይወዳሉ። «የቬጎር መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚቴ» የተባለውን አቋቁመው፣ ሰብሳቢ ሆነው፣ ማኅተም አስቀርጸው የመጀመሪያውን ስብሰባ የጠሩት ፊልሙን ሳያዩ ነው። በስብሰባው ላይ የመንኮራኩሩን ማረፍ የሚያሳየውን ቁራጭ በስልክ አዩና ፊታቸው ጠቆረ።

«ዶክተር» አሉ ወደ ይዲድያ ዞረው። ይዲድያ ዶክተር አይደለም፤ ግን አላረማቸውም። «ፊልሙ ላይ ያለው ራሰ በራ ነው። እኛ ጋ ያለው ጫካ ነው። ቱሪስቱ ከባሕር ማዶ መጥቶ ምን ሊያይ ነው? ዛፍ ነው የሚያየው?»

ይዲድያ ብዙ መልስ ነበረው። ዛፉ ሰው ያበቀለው ነው፤ ሰው የተቀበረበት ነው፤ አንዲት ሴትዮ ዕድሜያቸውን የከፈሉበት ነው፤ ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን የሚያነሣውን ፎቶ እያሰበ ነበርና፣ «ሁሉም አይደለም መመንጠር ያለበት፤ ካሜራው የሚያየው ብቻ ነው» አለና ወረቀት ላይ ነድፎ አሳያቸው። ጥሩ አድርጎ ነው የነደፈው፤ ፊዚክስ መምህር አይደል። ካሜራው የሚያየው ግን ኮረብታውን በሙሉ ነበር።

በሳምንቱ የኮሚቴው ሰዎች ቀይ ቀለም ይዘው ዱመርሶ ወጡ። በይዲድያ ንድፍ መሠረት ዋንዛው ምልክት ተደረገበት፤ ብርብራው ተደረገበት፤ ቡናና እንሰቱ ስላላስቸገረ ምልክትም አልተፈለገለት። የማድ ቤቱ ጣራ በቅርስነት እንዲነሣ ተወሰነ። ወይዘሮ መሰለች ሶንጎ የፈረደበት መሬት ነው ቢሉ አቶ አምሃ በትሕትና፣ «እናቴ፣ የተጻፈ ያምጡ» አሏቸው። ሶንጎ በአፍ ነው እንጂ በጽሑፍ አይፈርድም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ አቶ አምሃም ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁ ነው የጠየቁት።

ሴትዮዋ ዲላ ድረስ መጥተው ይዲድያን የግቢው በር ላይ ጠበቁት። የክት ነጠላቸውን ነበር የለበሱት።

«ያገኘኸው አንተ ነህ» አሉት። «አላገኘሁም በል።»

«እማማ፣ አሁን እንዴት ብዬ? ዓለም አወቀው እኮ።»

«ተሳስቻለሁ በል። ሰው ይሳሳት የለም እንዴ?»

«ካሳ ይታሰብልዎታል ብለዋል።»

«እኔ አሁን ዋንዛ ብተክል ጥላውን ማን ያየዋል?» አሉ ወይዘሮ መሰለች። ድምፃቸው አልተለወጠም፤ እጃቸው ግን የነጠላውን ጥለት ይዞ ይፈትል ነበር። «ያ ሰውዬ ብርብራው ሥር ነው ያለው። ፀሐይ ላይ ላስተኛው ነው?»

ይዲድያ ስለ እውነትና ስለ ሳይንስ አንድ ሁለት ነገር ተናገረ፤ ምን እንዳለ እሱም ኋላ አላስታወሰውም። ሴትዮዋ እስኪጨርስ ጠብቀው፣ አመስግነው፣ ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ምስጋናው ከስድብ ይልቅ አመመው።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ሪባን የሚቆረጥበት ምረቃ ብዙ ነው፤ ይኼኛው ዛፍ የሚቆረጥበት ነበር። ዋንዛው ሥር ድንኳን ተተከለ፤ ጥላ ስለሚያስፈልግ። ሁለቱ ፈረንጆች የካፒቴኑን ዓይነት የብር ቀለም ጃኬት ለብሰው ላብ በላብ ሆነው ተቀመጡ። የአገር ሽማግሌዎች ወንበር ተሰጣቸው። የዱመርሶ ሰው ዳር ዳሩን ቆመ። ወይዘሮ መሰለች ድንኳኑ አልገቡም፤ ብርብራው ላይ ጀርባቸውን ደግፈው ቆሙ። የሞተር መጋዝ የያዘው ሰውዬ የቀበሌው ልጅ ነው፤ መሬት መሬት ያያል።

አቶ አምሃ ማይክሮፎኑን ያዙ። «ይህንን ኮረብታ ሙሉ በሙሉ ሕይወት አልባ ለማድረግ ሌት ተቀን እንሠራለን» አሉ። «በመጀመሪያው ምዕራፍ ዛፉ ይነሣል። በሁለተኛው ምዕራፍ ሣሩ ይነሣል። በሦስተኛው ምዕራፍ ነዋሪው የዕድገቱ ተጠቃሚ ይሆናል።» ተጨበጨበ።

ከዚያ ፊልሙ ሊታይ ተባለ። አንሶላ ተወጥሯል፤ ፕሮጀክተሩ በርቷል፤ ሰዓቱ ግን ከቀትር በፊት ነው፤ ፀሐዩ አንሶላውን ነጭ አድርጎት ከአንሶላ በቀር የሚታይ ነገር ጠፋ። አቶ አምሃ አጥፉት አሉና ወደ ይዲድያ ዞሩ። «ዶክተር፣ ያችን የቬጎርን የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር በቃልህ ትችላታለህ ብለሃል። ለእንግዶቻችን በልልን፤ ከሱ ቀጥሎ ወደ ቆረጣው እንገባለን።»

ይዲድያ ተነሣ። ለዚህች ቀን ነው የተፈጠረው። ካሜራው ከነበረበት ቦታ ፊት ለፊት ቆመ፤ ደረቱን ነፋ፤ የሽማግሌዎቹን አለቃ ድምፅ አስመስሎ ጀመረ። አንድ ቃል አላጎደለም፤ ማቋረጫዋን፣ ትንፋሿን፣ ሳሏን ሳይቀር አወጣት።

ሰዉ ይስቃል ብሎ ጠብቆ ነበር። የሳቀ አልነበረም። ከዳር የቆሙት ቀረብ ቀረብ አሉ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ባርኔጣቸውን አወለቁ። መጋዝ የያዘው ሰውዬ ቀና አለ። ይዲድያ ይህን ሁሉ ክብር ለራሱ ቆጥሮ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ መንኮራኩሩ የሚፈነዳበት ቦታ ሲደርስም እንደ ፊልሙ መሐል ላይ ቆርጦ አቆመና እጅ ነሣ። ፈረንጆቹና አቶ አምሃ አጨበጨቡ።

ያኔ ሀይቻ በራሶ ከወንበራቸው ተነሡ። ሀይቻ የጌዴኦ ሽማግሌ ማዕረግ ነው፤ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ የሚከበሩት እሳቸው ናቸው። ይዲድያ ካቆመበት ቃል ጀምረው ቀጠሉ። በዚያው ቋንቋ፣ በዚያው ዜማ ንግግሩን ጨረሱት። ይዲድያ ጠጉሩ ቆመ። ፊልሙ ውስጥ የሌለ፣ በዓለም ላይ አንድም አፍቃሪ ሰምቶት የማያውቅ ቬጎርኛ ነበር።

ሱፍያን ከኋላ መጥቶ ክንዱን ያዘው። «ይዲ፣ አሁን ያልከውን ታውቀዋለህ?»

«እንኳን መጣህ፣ የብርሃን ልጅ...»

«ምን ብርሃን አለ። ‹አንተ የኮረብታውን ዛፍ ያስቆረጥክ ሰው፣ ስማ። ምድራችንን ራቁቷን አስቀርተሃል፤ የልጆቻችንን ጥላ ወስደሃል። ከእንግዲህ ምሳር እዚህ አይወጣም። የተከለ ሰው ይያዘው› ነው ያልከው። ፍርድ ነው። ሼም ነው እንዴ አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን እንኳ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ሀይቻ በራሶ ለእንግዶቹ ሲሉ ወደ አማርኛ ዞሩ። «እኔ ያን ጊዜ ወጣት ነኝ፤ ከኋላ ቆሜያለሁ» አሉ። «ያ ፊልም ያነሣው ሰውዬ ጫካውን አስቆረጠ። ከዚያ ሽማግሌ ሰበሰበ፤ ሶንጎ አስመስላችሁ ተቀመጡ፣ የመጣላችሁን ተናገሩ አለ። ሶንጎ ማስመሰል የለውም። ከተቀመጥክ ትፈርዳለህ። አባቶቻችን ምን ጉዳይ አለ ብለው ተጠያየቁ። ጉዳዩ እዛው ቆሟል፤ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አድርጎ። በሱ ፈረዱበት። ተከሳሹን ሳያዩ መፍረድ የለም፤ ስለዚህ እሱን እያዩ ፈረዱ።»

ይዲድያ ስለዚያ አተያይ የጻፋቸው ገጾች በሙሉ ባንድ ጊዜ ትዝ አሉት። የሰውን ልጅ አልነበረም የሚያዩት። የሚያዩት አንድ ሰውዬን ነው፤ ያውም ዛፍ ያስቆረጠ።

«እሱስ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ቆንጆ ነው ብሎ አጨበጨበ። ዕቃውን ጭኖ ሄደ» አሉ ሀይቻ በራሶ። «የመጨረሻውን አንተ አላልክም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ‹ፍርዱን ተቀብያለሁ ይበል፤ እሱ ከሌለ ዘመዱ ይበል› ነው። ሁለቱም ወገን ካልተቀበለ ፍርድ አይቆምም። እስከ ዛሬ ተንጠልጥሎ አለ። እኛ ስናልፍ ከኛ ጋር ያልፋል።» ሽማግሌው ድንኳኑን በዓይናቸው ዞሩት። «ዘመዱ የታለ?»

ሁሉም ወደ ሁለቱ ፈረንጆች ዞረ። ሱፍያን በእንግሊዝኛ ሲያስረዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከሌላ አገር ነን፣ ሰውዬውንም በአካል አናውቀውም አሉ። ጃኬታቸውንም አወለቁ።

አቶ አምሃ ተነፈሱ። «እንግዲህ የሚቀበል ከሌለ ፍርዱ አልጸናም ማለት ነው። ራሳቸው ሀይቻም ተናግረውታል። እናመሰግናለን፤ ታሪካዊ ነው፤ በመግለጫችን እናካትተዋለን። አሁን ወደ ፕሮግራማችን እንመለስ።» ለመጋዙ ባለቤት በእጃቸው ምልክት ሰጡ። መጋዙ አንድ ሁለቴ አጓራና ተነሣ።

ይዲድያ ወደ ብርብራው አየ። ወይዘሮ መሰለች አልጮኹም፤ አልለመኑም። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው ግንዱን ይዘውታል፤ ልጅ ከኋላዋ እንደደበቀች እናት። ግንዱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከትከሻቸው በላይ ይታያል። ያን ምልክት ያደረገው የኮሚቴው ቀለም ቀቢ ነው፤ የት ይደረግ ያለው ግን እሱ ነው። በዕድሜው እንደዚያች ቅጽበት አፍሮ አያውቅም። ጉባኤውን አሰበ፤ የክብር ወንበሩን አሰበ፤ ያቺን ፎቶ አሰበ። ፎቶዋ አሳዘነችው፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም አሳዘነችው። ከዚያ ሄዶ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ።

«ተቀብያለሁ» አለ።

መጋዙ እየጮኸ ስለነበር ደግሞ መናገር ነበረበት። «ተቀብያለሁ። የሰውዬው ዘመድ እኔ ነኝ።»

አቶ አምሃ ማይክሮፎኑን ለቀው በባዶ አፋቸው፣ «ዶክተር፣ ምን ነካህ?» አሉ። «አንተ እኮ የአዳማ ልጅ ነህ።»

ሀይቻ በራሶ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው። ይዲድያን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ሳይቸኩሉ አዩት። «በምን ትዛመዳላችሁ?»

«እሱ አስቆረጠ» አለ ይዲድያ። «እኔ ደግሞ የበቀለውን እንደገና ላስቆርጥ መጣሁ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ በጌዴኦኛ ትንሽ ተነጋገሩ። ከመካከላቸው አንዱ ሳቁ፤ ሌሎቹ ግን አልሳቁም። «የሥጋ ዘመድ እንኳ እንዲህ አይመሳሰልም» አሉ ሀይቻ በራሶ። «ይበቃል። ዘመዱ ነው።»

መጋዙን ያጠፋው አቶ አምሃ አይደሉም። የያዘው ሰውዬ ራሱ አጠፋውና መሬት አስቀመጠው፤ ከዚያ ከመጋዙ ራቅ ብሎ ቆመ። አቶ አምሃ አንዴ በስሙ፣ አንዴ በመመሪያው ጠሩት። «ፍርድ ቆሟል ጋሼ» አለ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። ከዱመርሶ ሰው መሐልም መጋዙን ሊያነሣ እጁን የዘረጋ አልተገኘም። አቶ አምሃ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ከባድ መሆኑን ሲረዱ ቀና አሉና ስልካቸውን አውጥተው የሚደውሉለትን ሰው ይፈልጉ ጀመር።

«በቆረጣችሁት ፋንታ ትተክላለህ» አሉ ሀይቻ በራሶ ለይዲድያ። «ከታች ያለው ገደል ገና ባዶ ነው። መሰለች ታሳይሃለች።»

«እሺ። እስከ መቼ ነው?»

«እሱ ያስቆረጣቸው አያቶቻችን የተከሏቸው ነበሩ። አንተ የምትተክላቸው እንደነሱ ሲሆኑ ነዋ።»

ይዲድያ ሊያሰላው ሞከረና ተወው። ከበዳዩ ወገን ያለ ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ አሳዩትና መሬት ላይ ተቀመጠ። ወይዘሮ መሰለች ከብርብራው ተላቀው መጡ፤ ፊት ለፊቱ ቆመው ትንሽ ካዩት በኋላ፣ «ዘመዳችን ሆንክ እንግዲህ፤ ነገ ስትመጣ ምሳህን እዚህ ነው የምትበላው» አሉት። ዲላ ከመጣ ጀምሮ ዘመድ ያለው ሰው አልነበረም። ይዲድያ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ፤ ሰዉ ዕዳው ከብዶት መስሎት ከንፈሩን መጠጠለት።